ከአሥር ስንት?

ሩሴ ከተማ ላይ፣ ከዳኑብ ዳርቻ፣
አንድ ምድር ቤት አለ፤ መስኮቱ አንድ ብቻ።
በዚያ የሚታየው ጫማ ነው፣ እግር ነው፣
በረዶ የረገጠ፣ ሥራ ያጣደፈው።

ማክሰኞና ዓርብ፣ ሰማዩ ሳይቀላ፣
ዝድራቭካ ትወርዳለች፣ ካፖርቷን አንጠልጥላ።
ጉልበቷ በየደረጃው እያጉረመረመ፣
ምንጣፉን ሲረግጥ ሐሜቱን አቆመ።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከወደቡ በላይ፣
ክሬን ስትነዳ ኖራ፣ በመስታወት ጎጆ ላይ፣
ሃያ ቶን ላሜራ፣ ሃያ ቶን ስንዴ
አንሥታለች በጣት፤ አላላባትም አንዴ።

አሁን ስምንት ኪሎ ነው፣ በቀኝ፣ በግራ እጇ፤
ያህላል አንድ ሐብሐብ፣ የተገዛ ከደጇ።
ከአንድ እስከ ስምንት ድረስ እንደ ወሬ ያልፋል፤
ዘጠነኛው ላይ ግን ብረቱ ይወፍራል፤
አሥረኛው ይለምናል፣ አሥራ አንደኛው ይሰድባል፤
አሥራ ሁለተኛው ላይ ትከሻዋ ይነድዳል።
ሚዛን ላይ ቢያወጡት ያው ስምንት ነው የሚለው፤
ታዲያ ይህን ትርፍ ክብደት ማን ነው የጨመረው?

"ከአሥር ስንት?" ይላል አሠልጣኙ ቬሊዛር፣
እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣ ቆሞ ከዳር።
አንድ፣ በሱ ሕግ፣ ወንበር ላይ ማዛጋት፤
አሥር፣ ቤት ሲቃጠል ቁልፍ ማንሣት ማቃት።
በሁለቱ መሃል ሰው ነው የሚዳኘው፤
ምስክሩም ራሱ፣ ከሳሹም ራሱ ነው።

ኦግኒያን በያጁ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላ፣
ክንዱ እየተርበተበተ፣ አንገቱ እየቀላ፣
"አምስት!" ይላል ጮሆ፤ ጥርሱን ነክሶ ደግሞ።
ቬሊዛር ስምንት ይጽፋል፣ ክርኑን ሰምቶ ቀድሞ።

በመሃል ሁለት ደቂቃ ዕረፍት።
ኦግኒያን ስልኩን ያያል።
እሷ መዳፏን ታያለች፣
የብረቱ ጥርስ የተወባትን ትንንሽ ነጠብጣብ።

ስትጠየቅ ትዘገያለች፣
ቤቷን ሊገዛ የመጣ ሰው ዋጋ እንደ ጠየቃት።
የመጀመሪያ ቀን ጭራሽ መልስ አጣች፤
ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች።
ልጆች አሳድጋ፣ እናት ቀብራ፣ ጡረታ ወጥታ፣
"ምን ያህል ከበደሽ?" ያላት አልነበረም አንድ ለታ።

ደብተሩ ይመሰክራል፦ በጥቅምት ዘጠኝ ነበር፤
በየካቲት ያው ብረት፣ ያው አሥራ ሁለት፣ ስድስት ላይ ሲሰፍር፣
"ሚዛንህ ተበላሽቷል" አለችው ቬሊዛርን፤
እሱ ሳቀና አሳያት፣ በመስታወት፣ ክንዷን።

እዚያ አገር፣ ልብ በሉ፣ ራስ ወዲያ ወዲህ ሲወዛወዝ "አዎን" ነው፤
ወደ ታች ከነቀነቁት "የለም" ማለታቸው ነው።
"የቀረሽ አለ?" ሲላት ራሷን ወዘወዘች።
"በቃኝ አለች" ይል ነበር እንግዳ። እሷ ሦስት ጨመረች።

ሦስቱም የሉቤን ናቸው።
የባሏ፤ ግማሽ አካሉ ካምና ወዲህ ዝም ያለው።
ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ገንዳ፣
በቀን አሥራ አራት ጊዜ፤ ቆጥራዋለች እንደ ዕዳ።
"ከስቷል" ይላል ሐኪሙ፣ "አራት ኪሎ ቀንሷል"፤
የማታውን ሉቤን ግን ማን መዝኖ ያውቃል?

ቅዳሜ ማታ ነው። ውኃው ከጀርባው ይወርዳል።
አገጩ ትከሻዋ ላይ፤ ጉንጩ ሳሙና ይሸታል።
ከጎድን አጥንቱ ሥር ክንዷ ይርገበገባል።
አነሣችው። ቆሙ።
በተጣመመ አፉ፣ በቀረችው ምላስ፣
"ከአሥር... ስንት?" አላት፣ ትንፋሿ ሳይመለስ።

ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ ተኩል።
"አራት" አለች።

አገጩ ትከሻዋን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ጫነ፤
ሉቤን፣ ቀስ ብሎ፣ ራሱን ወደ ታች ነቀነቀ።